ታደሰ «ውጪ» ያላት ኳስ

ማክሰኞ፣ ኅዳር ፩

ዛሬም አንድ የቴኒስ ኳስ ባሮ በላብን። ወንዝ ዳር ያለ ሜዳ ጣጣው ይኸው ነው፤ ትንሽ ጠንከር ካደረግሽ ኳሱ የሱዳንን መንገድ ይይዛል። ልምምድ ከት/ቤት መልስ፣ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ። ከዚያ በፊት ሙቀቱ አያስቆምም። መረቡ ከዓሣ አጥማጆች የተዋስነው ነው፣ ከነሽታው። በኖራ ያሰመርነውን መስመር ፍየሎች ሄደውበት ግማሹ ጠፍቷል።

አጣማሪዬ አሪየት እንደ ልማዷ ዝም። አውሮፕላን ማረፊያ የመንገደኛ ዕቃ ትመዝናለች፤ ቀኑን ሙሉ ስለ ኪሎ ስትከራከር ስለምትውል ይመስለኛል፣ ሜዳ ላይ ቃል አይወጣትም። እኔ ለሁለታችንም አወራለሁ፣ መምህርነቱም አለብኝ። ግራ እጇን ግን እግዜር ለቴኒስ ብሎ ነው የፈጠረው።

ችግራችን መሐላችን የምትወርድ ኳስ ናት። እኔ «የኔ»፣ እሷም «የኔ»። ተጋጭተን ወደቅን። አፈር ላይ እንደተቀመጥን እስኪያመን ሳቅን። ከዚያ በአኙዋክኛ ሁለት አጫጭር ቃላት አስተማረችኝ፣ አንዱ ለ«የኔ»፣ አንዱ ለ«ያንቺ»። ከአፌ ሲወጡ እንዴት እንደሚሰሙ እንጃ፤ ወንዙ ዳር ልብስ የሚያጥቡት ሴቶች በሳቅ ሞቱ። ግን ሠራ።

ዓርብ፣ ኅዳር ፬

በሴቶች ጥንድ ለፍጻሜ አለፍን! የግብርና ጽ/ቤት ታይፒስቶችን አሸንፈን። ዳኛው ባለቤቴ ታደሰ። ምን ይደረግ፣ በዚህ ከተማ ሕጉን የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው፤ ተማሪ ሳለ ተጫውቷል። ባዶ በርሜል ላይ ወጥቶ፣ ኮፍያውን ደፍቶ፣ እንደ ሹም።

አንደኛውን ዙር፣ በቴኒስ ቋንቋ «ሴት» የሚባለውን፣ አሸንፈን እንደጨረስን፣ ጮክ ብሎ፣ «አንደኛው ሴት ለእነ አሪየት!» አለ። አንድ ዓሣ አጥማጅ ከኋላ፣ «ሁለተኛዋን ሴት ለማን ልትሰጥ ነው?» ብሎ ጠየቀ። ሕዝቡ ፈነዳ። ከዚያ ወዲያ ታዴ «ሴት» የሚለውን ቃል ትቶ «ዙር» ማለት ጀመረ።

ፍጻሜው እሑድ ከሆስፒታሉ ነርሶች ጋር ነው። ሲስተር ጽጌና ሲስተር ሙሉ። ከተማው ውስጥ እነሱ መርፌ ያልወጉት ሰው የለም፤ ደጋፊያቸው በፍርሃት ነው። ያሸነፈ መቱ ሄዶ በክፍለ ሀገር ደረጃ ይጫወታል። አሪየት ከጋምቤላ ወደ ደጋ ወጥታ አታውቅም። ብርድ እንዴት ያለ ነገር እንደሆነ ጠየቀችኝ። ለማስረዳት ሞከርሁ፣ አልቻልሁም። ስታዪው ነው አልኋት።

እሑድ፣ ኅዳር ፮

ተሸነፍን። 

አንድ ለነሱ፣ አንድ ለኛ። ሦስተኛው ዙር ትንቅንቅ። የወንዙ ዳር በሰው ተሞልቷል፤ ጀልባ ላይ ቆሞ የሚያይ ሁሉ ነበር። መጨረሻ ላይ ሲስተር ጽጌ ኳሷን ወደ ኋላ ላከችብኝ፣ ሮጬ ደረስሁ፣ በሙሉ ኃይሌ በጎን መስመሩ አቅጣጫ ቀጥ አድርጌ መለስሁላት። ኖራው ሲቦን አየሁ። በዓይኔ አየሁ። ታደሰ፣ «ውጪ!»

ጨዋታው አለቀ። እኔ ግን አላለቅሁም። በርሜሉ ሥር ሄጄ፣ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ፣ «ሰው እንዳያማህ ብለህ ሸጥኸኝ!» አልሁት። ኮፍያውን አወለቀ። ከበርሜሉ ወርዶ ብቻውን ወደ ቤት ሄደ።

የተቆጣሁት ለራሴ አይደለም። መቱን አይቻታለሁ። ለአሪየት ነው።

ሰኞ፣ ኅዳር ፯

ከተማው ለሁለት ተከፈለ። ዓሣ የምትሸጥልኝ ሴት ትልቁን መርጣ ሰጠችኝ፣ ለሐዘንሽ ብላ። ሥጋ ሻጩ የታደሰ ወገን ነው፤ አጥንት ብቻ። ክፍል ስገባ ተማሪዎቼ በአንድ ድምፅ «ውስጥ ናት ቲቸር!» አስተማሪነቴ ትዝ ብሎኝ ተቆጣሁ፤ ሆዴ ግን ደስ አለው። የቀበሌያችን ሊቀመንበር መንገድ ላይ አቁሞኝ፣ ጉዳዩን በሂስና ግለ ሂስ ቤታችሁ ፍቱት አለኝ። ይቀልድ ይሁን የምሩን ይሁን ከፊቱ አይነበብም።

ታዴ አልጋውንና ዐጎበሩን ደጅ አውጥቶ ይተኛል። ለሙቀቱ ነው ይላል። እውነቱን ለመናገር እኔም በሙቀቱ ቀንቼበታለሁ።

ረቡዕ፣ ኅዳር ፱

አሪየትን ላጽናና አውሮፕላን ማረፊያ ሄድሁ። አውሮፕላኑ ገና አልመጣም፣ ሚዛኗ ላይ ተቀምጣ ማንጎ ትበላለች። ስለ ታደሰ በደል አንድ በአንድ ዘረዘርሁላት። ስጨርስ እጇን ጠረገች።

«ቲቸር፣ ኳሱ ወጣ» አለች።

«ምን?»

«ወጣ። እኔ መረቡ ሥር፣ ካንቺ ይልቅ ቅርብ ነበርኩ። ይህን ያህል ወጣ።» በጣቶቿ አሳየችኝ። የቆሎ ፍሬ ያህል።

«የቦነነውስ ኖራ?»

«እግርሽ ነው። ባንቺ በኩል መስመሩን የረገጥሽው አንቺ ነሽ።»

ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገርሽኝም? አልኋት። ድምፄ ሳይከፋ አልቀረም።

«አልጠየቅሽኝም» አለች። «ሁሉ ሰው ስለኔ ያለቅሳል፣ እኔን ግን ማንም አልጠየቀኝም።»

መሄድም መቀመጥም አቃተኝ። ማንጎዋን ከፍላ ሰጠችኝ፤ እሱን እየበላሁ አጠገቧ ተቀመጥሁ። አውሮፕላኑ ሲመጣ ወደ ሥራዋ ተነሣች። ደግሞ ዘወር ብላ፣ ለመቱ ውድድር ሌላ ዓመት አለ፣ አንቺ ግን እግርሽን ጠብቂ አለችኝ።

ማታ ታዴን ይቅርታ ጠየቅሁት። «ተይው» አለኝ። ቁጣ የለበትም። አልጋው ግን ደጅ ነው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር ፲፪

ነገ የወንዶች ጥንድ ፍጻሜ ነው። ዳኛ የለም። ኮሚቴው ዛሬ ቤታችን መጥቶ ታደሰን ለመነው። እሱ በትሕትና እንቢ አለ፤ ሚስቱ በአደባባይ ሽጦኛል ያለችው ሰው የሌላውን ኳስ እንዴት ይፈርዳል? ሰዎቹ ወደኔ ዞረው አዩኝ። ወጥ አማስላለሁ ብዬ ወደ ጓዳ ሸሸሁ። ወጥ አልነበረም።

ቤት ውስጥ ያልሁት ይቅርታ እንዳልበቃው አሁን ገባኝ። ልክ ነው። ሰው ፊት የወጣ ቃል ሰው ፊት ነው የሚመለስ።

እግሬን አንሥቼ አሪየት ቤት ሄድሁ። የማስበውን ነገርኋት። ነገ ጨዋታው ሳይጀመር በርሜሉ አጠገብ እቆማለሁ፤ ኳሷ ውጪ ነበረች፣ ባለቤቴ በትክክል ፈርዷል እላለሁ። ሥጋ ሻጩ እንደሚስቅብኝ ታየኝ። ተማሪዎቼም። ይሁን።

አብረሽኝ ትቆሚያለሽ? አልኋት። በዚህ ጊዜ ጠይቄ፣ መልሷን ጠበቅሁ። ብዙ አሰበች። እቆማለሁ፣ ግን መጀመሪያ የምናገረው እኔ ነኝ አለች።

ትናገር።