መስመር የሌለው ስልክ

ባሕር ዳር፣ ጥር ፲፬ ቀን ፲፱፻፸ ዓ.ም.

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ስጠግነው የከረምሁት ባለመደወያ ስልክ ዛሬ ከቀትር በኋላ ጮኸ። መደወያው ከጎርጎራ በጀልባ የመጣልኝ ነው፤ እጀታውን ከቁራሌው ገዛሁት። መስመር ስለሌለው ደወሉን የፈተንሁት በእጅ በሚዞር አሮጌ ዲናሞ ነበር።

ድምፁን የሰማው የቀበሌያችን አብዮት ጥበቃ ጠመንጃውን እንዳነገተ ገባ።

«አባባ፣ ከማን ጋር ነው የሚነጋገሩት?»

«ከማንም ጋር አይደለም። ሽቦው የት አለና?»

እጀታውን አንሥቶ አዳመጠ።

«ጭጭ አለ። ስገባ ሰምተው ዘጉት አይደል?»

ነገሩን ላስረዳው ብዬ ዲናሞውን አዞርሁት። ስልኩ ዳግመኛ ሲጮኽ ሰውየው ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«ጭራሽ ፊቴ ቆመው ይጠሯቸዋል?»

ነገ ጧት ቀበሌ እንድቀርብ አዝዞኝ ስልኩን ታቅፎ ወጣ።

ባለቤቴ ጋቢዬን አጣጠፈች፤ ዳቦ ቆሎም ቋጠረች።

«ለአንድ ጥያቄ ብቻ እኮ ነው» አልኋት።

«ወንድሜንም የወሰዱት ለአንድ ጥያቄ ነበር» አለችኝ።

ወፍራሙን ሹራቤን ከሣጥን አውጥቼ አቀበልኋት።