ከመርከቡ ሆድ ለወጣው አባዬ

አባዬ፣ የኔ ሆደ ቡቡ፣

ከተለየኸን አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። እማዬ ደህና ናት፤ ጉልበቷን ትንሽ ያማታል እንጂ እንደፈራነው አልሆነችም። የገርጂውን ቤት ለቅቀን ሰሚት ኮንዶሚኒየም ገብተናል፣ አራተኛ ፎቅ። መጀመሪያ ሰሞን በረንዳው ላይ መቆም ትፈራ ነበር፤ አሁን ጎመንና ጤና አዳም በባልዲ ተክላበታለች። እኔም አውሮፕላን ማረፊያው ካርጎ ክፍል በቋሚነት ተቀጥሬያለሁ። ቦሌን ብታያት አታውቃትም። አትላስ ጋ ያለው የሠራህበት ሆቴል እንኳ አጠገቡ በበቀሉት ሕንጻዎች ተውጦ ትንሽ ሆኗል። ጄኔሬተሩን ግን ዛሬም አንተ ያስተማርካቸው ናቸው የሚያስነሱት፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ያነሱሃል አሉ።

ስለ ባሕር ኃይል ዘመንህ የነገርከን ቀልዱን ብቻ ነበር። ለሥልጠና ውጭ አገር በሄድክ ጊዜ ባሕር ሰርጓጅ መርከብ ውስጥ አስገብተዋችሁ፣ በቁመትህ ምክንያት ሳምንት ሙሉ እንደ ሽማግሌ ጎብጠህ መክረምህን ስታወራ፣ እማዬ እንባዋ እስኪፈስ ትስቅ ነበር። ስለ ጦርነቱ ከተጠየቅክ ግን እኛ ሞተር ክፍል ነበርን፣ ባሕሩን ያዩት ከላይ ያሉት ናቸው ትልና ወሬ ትቀይራለህ። የግራ ክንድህን ጠባሳም ዘይት ፈንጥቆብኝ ነው ብለኸን አምነን ኖርን።

አንድ ቀን ያልኩህን አልረሳሁትም። ዩኒቨርሲቲ የገባሁ ሰሞን ነው። ከድሮ የባሕር ኃይል ጓደኞችህ ጋር ልትገናኝ ነጭ ሸሚዝህን ስትተኩስ፣ ባሕር ለሌለው አገር መርከበኛ መሆን ምን ይረባል አልኩህ። አልተቆጣህም። ሸሚዙን አጥፈህ ቁም ሳጥን ውስጥ መለስክና ሳትሄድ ቀረህ። ይቅርታ ሳልጠይቅህ አመለጥከኝ።

ባለፈው ጥር አንድ የሚያነክስ ሰው በራችንን አንኳኳ። ዮሐንስ እባላለሁ፣ ካባትሽ ጋር አንድ መርከብ ላይ ነበርን አለኝ። የሚኖረው አዳማ ነው፤ መሞትህን የሰማው ገና በዚያው ሳምንት ነበር። ሶፋው ላይ ተቀምጦ ብዙ አለቀሰ። ሲረጋጋ ነገረን።

ከምጽዋ ስትወጡ መርከባችሁ ተመታች። ሞተር ክፍሉን ጭስ ሞላው፣ ውሃም ይገባ ጀመር፤ ሁላችሁም ውጡ ተባላችሁ። የጋሽ ዮሐንስ እግር ግን በወደቀ ብረት ሥር ተይዞ ነበር፤ በጭሱ ማንም አላየውም። እላይ ደርሳችሁ ስትተያዩ እሱ የለም።

«አባትሽ ወጥቶ ነበር» አለኝ። «ተመልሶ ወረደ። ውሃው ደረቴ ደርሶ ነበር።»

ብረቱን ለማንሳት ስትታገል ክንድህ የጋለ ቧንቧ ላይ አርፎ እንደነበርና እሱ እስኪወጣ እንዳላነሳኸው ነገረን። ፈርቶ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅሁት።

«በጣም። ግን አልለቀቀኝም።»

እኔ ያኔ የሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ። እውነቱን ልንገርህ አባዬ፣ መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው። እዚያው ብትቀርስ ኖሮ? እኔና እማዬ አልታየንህም ወይ? እማዬ ግን ተነስታ ምሳ አቀረበች፤ ጋሽ ዮሐንስን በእጇ ደጋግማ አጎረሰችው፣ ካሥራ አምስት ቀን ጉዞ የተመለስክ አንተ ይመስል። እሷን እያየሁ ንዴቴ ለቀቀኝ።

ባለፈው እሑድ ከነቤተሰቡ መጣ። ሦስት ልጆች አሉት፤ ሦስቱም የተወለዱት ከዚያ ቀን በኋላ ነው። ወንበር አልበቃ ብሎ ከጎረቤት ተዋስን። ትልቋ ቀልደኛ ናት፤ እናቷን እያስመሰለች አሳቀችን። ወንዱ ሦስት ጊዜ አስጨመረ። ትንሿ ምሳ እንደበላች እማዬ ጭን ላይ ራሷን ጣል አድርጋ ተኛች። እኔ የማዕድ ቤቱ በር ላይ ቆሜ አንድ በአንድ አየኋቸው፤ ዓይኔን መንቀል አቃተኝ።

ይቅር በለኝ አባዬ። ያን ቀን የጠየቅሁህን ጥያቄ ዳግመኛ ማንንም አልጠይቅም። ወልጄ ሳሳድግ ቀልድህን ብቻ ሳይሆን መውረድህንም፣ መፍራትህንም እነግራቸዋለሁ። አንተን የምረሳው እነዚያን ሦስት ልጆች የረሳሁ ዕለት ነው፤ እነሱ ደግሞ ለፋሲካም እንመጣለን ብለውናል።

የምትወድህ ልጅህ፣
ሰናይት