ከመርዶው በፊት የበላሁት ምሳ

ጻካኔ፣ ደቡብ አፍሪካ፣ መጋቢት 12 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለእታለም፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ እንዴት ሆነ? ልጆቹስ? ጊደሯ ወለደች ወይስ ገና ናት? እኛ ጌታ ይመስገን ደህና ነን። ሀቢሶ ስፓዛው ላይ ነው፣ ያው ሱቁ ላይ፤ ደስታነሽ አንገቷን አጽንታ ሰው ሲስቅ አብራ ትስቃለች።

ሁለት ወር ሙሉ ስልክሽን ሳላነሳ ከርሜ ዛሬ ስለ ጊደር መጠየቄ ሳይገርምሽ አይቀርም። ይግረምሽ። ሀቢሶ ስልኩን ባቀበለኝ ቁጥር ወደ ግድግዳው እዞር ነበር። በስልክ ባወራሽ ወይ እጮኻለሁ ወይ አለቅሳለሁ፣ አንቺ ደግሞ ሰው አታስጨርሺም። ስለዚህ ይኸው ጻፍኩት፤ በለጥሽ ረቡዕ ወደ አገር ቤት ስለምትመጣ በእጇ ይደርስሻል።

መጀመሪያ መርዶውን እንዴት እንደሰማሁ ልንገርሽ። እነ ሀቢሶ "በደንብ ተረድታለች" ብለውሽ ይሆናል።

በጥር አጋማሽ አንድ ቅዳሜ ሀቢሶ "ከወለድሽ ወዲህ ከቤት አልወጣሽም፤ ዛሬ ምሳ ውጭ እንብላ" አለኝ። ሀቢሶ! ለገና እንኳ ሱቁን የማይዘጋው ሰውዬ! መጠርጠር ነበረብኝ። እኔ ሞኟ ግን ፀጉሬን ተሠርቼ፣ አንቺ የላክሽልኝን ቀዩን ቀሚስ ለብሼ ወጣሁ። ቀዩን፣ እታለም።

የወሰደኝ ኤደንቬል የሚባል ሰፈር ወዳለ የቦስኒያ ሰዎች ምግብ ቤት ነው። የአለምወርቅ እዚያ አስተናጋጅ ናት፤ ያቺ ምጥ የያዘኝ ቀን ሐኪም ቤት ያደረሰችኝ የአዲስ አበባ ልጅ። ቤቱ የቤተሰብ ነው። ባልየው ኤኔስ ፍም ላይ ሥጋ ይጠብሳል፣ ልጃቸው ጓዳ ሆና ሊጥ እንደ ወረቀት ታሳሳለች፣ ሚስትየዋ ሴናዳ ደግሞ በር ላይ ቆማ እንግዳ ትቀበላለች። እጄ ላይ ሳኒታይዘር ረጨችልኝና፣ በዚህ ሰው ከሰው በሚሸሽበት ዘመን ጉንጬን በመዳፏ ዳበሰችኝ። "ምን ዓይነት ደግ ሴት ናት" አልኩ በልቤ።

ጋሼ ዱካሞ ቀድመውን ተቀምጠው አገኘናቸው፤ የጸሎት ቤታችን ሽማግሌ፣ የዱራሜው ሰውዬ። "ልጅሽን ልመርቅልሽ ብዬ ነው" አሉኝ። አመንኳቸው። ሴናዳ ማምጣት ጀመረች። ጣት የሚያህል የተፈጨ ሥጋ ጥብስ፣ ትኩስ ዳቦ፣ እንደ ለጋ ቅቤ ያለ ነገር፣ ሥጋ የተጠቀለለበት ሳንቡሳ መሳይ ቂጣ። እሱን ስጨርስ ሌላ፣ ሌላውን ስጨርስ ሾርባ። እኔ አጥቢ ነኝ፣ ይርበኛል። ጋሼ ዱካሞና ሀቢሶ ግን ዳቦ ይቆርሳሉ እንጂ አይጎርሱም።

ምን እንዳሰብኩ ታውቂያለሽ? ሰዎቹ እስላም ናቸውና ጋሼ የእስላም ሥጋ አልበላም ብለው ነው አልኩ። እንዲያውም ቀለድኩባቸው። "ጋሼ፣ እኛ ጴንጤዎቹ ከዚህ የወጣን መስሎኝ፤ እንዲህ ከሆነ የእርስዎንም እኔ ልብላልዎ!" አልኳቸውና ሳህናቸውን ወደ እኔ ሳብኩት። ሽማግሌው ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ "ብዪ ልጄ፣ አንቺ ብዪ" አሉኝ። እኔ የሽንኩርቱ ነው ብዬ በላሁ። የሁለት ሰው ምሳ በላሁ፣ እየሳቅሁ።

በየጠረጴዛው ደግሞ ሰዎች ሁለት ሁለት ሆነው፣ ማስካቸውን እስከ ዓይናቸው ስበው፣ ጀርባቸውን ሰጥተውን ተቀምጠዋል። ሻይ ቀርቦላቸው አይጠጡም። "የዚህ አገር ሰው ደግሞ ሻይ የሚያዘው ሊያየው ነው እንዴ?" አልኩት ሀቢሶን።

ሾርባውን ስጨርስ ሴናዳ መጥታ ደስታነሽን ከጭኔ አነሳቻት። ያኔ ጋሼ ዱካሞ ቆሙ። ባርኔጣቸውን አወለቁና እማ በመስከረም ወደ ጌታ መሄዷን ነገሩኝ። ያ ሁሉ ጀርባውን የሰጠኝ ሰው ተነሥቶ ማስኩን አወረደ። ለካ ቤቱ ሙሉ የእኛ ሰው ነው! ከዲፕስሉት የመጣ አለ፣ ከሂልብሮው የመጣ አለ። ያን ሰሞን በየቤቱ መሰብሰብ በሕግ ተከልክሏል፣ ምግብ ቤት ግን ክፍት ነው። ለቅሶ መቀመጥ ስለማይቻል ምሳ ተቀመጡልኝ።

ጮኽኩ፣ እታለም። ኤኔስ እሳቱን አጠፋ፣ ልጅቷ መንገደኛ እንዳይገባ በሩን ዘጋች። የአገራችን ሰው "እንኳን በልታ ሰማች" ሲባባል እሰማለሁ። እንኳን! የሁለት ሰው ምሳ እየሳቅሁ በልቼ ነው የሰማሁት። ሴናዳ አጠገቤ መሬት ላይ ቁጭ ብላ፣ በአገሯ ጦርነት ወንድሟ ሲሞት በሰው አገር ሆና ከዓመት በኋላ በደብዳቤ እንደሰማች ነገረችኝ። ደብዳቤውን አውቶቡስ ስትጠብቅ ብቻዋን ነው የከፈተችው። ቤቱንም ምሳውንም የሰጠችን ለዚህ ነው። እኔ ግን ያን ሰዓት ላመሰግናት አልቻልኩም፤ እሷንም ሁሉንም ጠላሁ። ከሁሉ አብልጬ ግን አንቺን።

አራት ወር! አራት ወር ሙሉ "እማ ተኝታለች"፣ "እማ ጸሎት ሄዳለች" አልሽኝ። በጥቅምት ብርድ ልብስ ስልክላት "ለብሳው ሞቀኝ አለች" አላልሽኝም? በማን ላይ ነው የሞቀው? እኔ እዚህ እሑድ እሑድ እጄን ዘርግቼ ጌታ ጤናዋን እንዲሰጣት እለምናለሁ፣ ሀቢሶ አጠገቤ ቆሞ አሜን ይላል። እያወቀ! ስንት ሌሊት አብሮኝ ተኛ፣ አንድ ቃል አልወጣውም።

አውቃለሁ፣ አውቃለሁ። ለነፍሰ ጡር መርዶ አይነገርም፣ ለአራስም አይነገርም። ፊት ያጣሁትንም ልጅ አስበሽ ነው። በአንቺ ቦታ ብሆን እኔም እንዲሁ አደርግ ነበር። ይህን ለማለት ሁለት ወር ፈጀብኝ፤ እልኸኛ መሆኔን ከእማ ቀጥሎ የምታውቂው አንቺ ነሽ።

ደግሞ ለሀቢሶ እንኳ ያልነገርኩትን ልንገርሽ። ጠርጥሬ ነበር። ለመስቀል ስደውል ድምፅሽ ተዘግቷል፣ ከኋላሽ ብዙ ሰው ይሰማል። "የመስቀል እንግዶች ናቸው፣ እኔም ጉንፋን ይዞኛል" አልሽኝ። የመስቀል እንግዳ ሲጫወት እንጂ ዝም ብሎ ሲያቃስት የት ሰምቼ አውቃለሁ? እሺ አልኩና ዘጋሁ። በኅዳር ደስታነሽ ስትወለድ እልል ያልሽው ብቻሽን ነበር። እማ የልጅ ልጅ ተወልዶላት እልልታዋን ለሌላ ሰው ትተዋለች? "እስቲ አገናኚኝ" ማለት ይቻል ነበር። አላልኩም። ካልጠየቅሁ እማ አለች፤ እንደዚያ ነበር ነገሩ።

በሳምንቱ ደወልሽና "እማ ስሟን ደስታነሽ ብላታለች" አልሽኝ። እግዜር ያሳይሽ፣ ያን ቀን እንዴት እንደተነፈስኩ! ሀቢሶ "የአሮጊት ስም ነው፣ ሌላ እንፈልግላት" ቢለኝ ቤቱን በጩኸት ቀወጥኩበት። እናቴ ያወጣችውን ስም! ስም የምታወጣ ሴት በሕይወት አለች ብዬ ጥርጣሬዬን ሁሉ ጣልኩ። ቀይ ቀሚስ ለብሼ ምሳ የወጣሁት በዚያ ስም ተማምኜ ነው።

የመጀመሪያ ልጅሽን አርግዘሽ እማን ስም አውጪልኝ ብለሽ ስትለምኛት ትዝ ይልሻል? "ላልተወለደ ስም አይወጣም" ብላ አባረረችሽ። ለማናችንም ልጅ ሳይወለድ ስም አላወጣችም። እሷ በመስከረም ሄደች፣ ልጄ በኅዳር ተወለደች። ወር መቁጠር አላቃተኝም።

ስንት ቀን ታመመች፣ ማን አጠገቧ ነበር፣ ስሜን ጠርታ እንደሆነ፣ ይህን ሁሉ ሳትደብቂ ጻፊልኝ። እችለዋለሁ። ልጆችሽን ጌታ ያሳድግልሽ፣ ለጉልበትሽ ብርታት ይስጥሽ፣ እማ የተኛችበትን መሬት ለእኔም ሳሚልኝ።

ስለ ስሙ ግን እውነቱን አልጠይቅሽም። "እማ ናት ያወጣችው" ብለሽ አንድ መስመር ጻፊልኝ። ልጄ ስታድግ የማሳያት ይሆናል። በአራት ወሩ ውሸት ይኸው ሁለት ወር ተቀየምኩሽ፤ በዚህኛው እስክሞት አልቀየምሽም።

የእናትሽ ልጅ