የአንዱዓለም ቫልቮች

ጥቅምት 4፣ ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት

ሱቅ ዘጋሁ። ፍኖተ ሰላም ዛሬ መብራት አልጠፋም፤ ተመስገን። አባባ ሸክላ የሚያዳምጡበትን አምፕሊፋየር አበራሁ። እንደ አምፖል የሚበሩት አራቱ ቫልቮች እስኪሞቁ ጠበቅኩ። ያጉረመርማሉ። ያጉረምርሙ! በዕድሜ እኔን ይበልጡኛል።

የእህቴ ባል አንዱዓለም ከቡሬ ደወለ። ዘንድሮ የተሠሩ፣ የድሮዎቹን የሚመስሉ ቫልቮች ከአ.አ. አስመጥቷል። ሳጥናቸው ላይ የድሮው ጽሑፍ ሳይቀር አለ ይለኛል፤ እየኮራ። ጥምጥም የጠመጠመ ሁሉ ቄስ ይመስለዋል።

አባባ ግን ሰሞኑን ሸክላ ማዳመጥ ትተዋል። ደከመኝ ይላሉ። ከዚህ ሌላ ደስታ የላቸውም፤ ያስጨንቀኛል።

ጥቅምት 6፣ ሐሙስ

አንዱዓለም መጣ፤ ከነሳጥኑ። ድንች ነጋዴ ስለ ድምፅ ሊያስተምረኝ! አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል።

በየተራ ሰካን። ሸክላው ያው አባባ የሚወዱት የማሲንቆው። የሱ ጥርት ያለ ነው፤ አዎ። የሆስፒታል ኮሪደርም ጥርት ያለ ነው። ሙቀት የለው፣ ነፍስ የለው።

አባባን ጠየቅናቸው። መጀመሪያ እኔን አዩኝ። ከዚያ የአሮጌው ይሻላል አሉ። በቃ! አንዱዓለም ሳጥኑን እዚሁ ጥሎ ሄደ። ቆሻሻ ጥሎብኝ።

ጥቅምት 9፣ እሑድ

አምፕሊፋየሩን አብርቼላቸው ነበር። ትንሽ ተቀምጠው ራሴን አመመኝ ብለው ገቡ። ሐኪም ቤት ልውሰዳቸው? ደብተሬ፣ ፈርቻለሁ።

ጥቅምት 11፣ ማክሰኞ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

ለሱቁ ዕቃ ልገዛ ከሄድኩበት ከጅጋ ካሰብኩት ቀድሜ ተመለስኩ። ማሲንቆው ከደጅ ይሰማል። እግሬ ቆመ። እንዴት ያለ ድምፅ! ግጥሙ ቃል በቃል፣ የአዝማሪው ትንፋሽ ሳይቀር። ይኼው፣ አንዱዓለም መጥቶ ይስማ አልኩ። አሮጌዎቹን በልቤ መረቅኩ።

ገባሁ። አሮጌዎቹ በጨርቅ ተጠቅልለው መደርደሪያ ላይ ተቀምጠዋል። የበሩት አዲሶቹ ናቸው። አባባ ብቻቸውን ቀይረዋቸዋል። ሲያዩኝ ደንግጠው ተነሡ።

«ቆይ የኔ ልጅ፣ አሁን እመልሳቸዋለሁ።»

አዛውንት ሰው፣ በገዛ ቤታቸው፣ በገዛ ዕቃቸው፣ እኔን ፈርተው! የአሮጌዎቹ ጉርምርምታ ግጥሙን እየዋጠባቸው ኖሯል። ቅር እንዳይለኝ ብለው ከነአካቴው ማዳመጡን ተዉት። እኔ ደግሞ በሽታ ነው ብዬ ሐኪም ቤት አስባለሁ።

አፈርኩ። ክፉኛ አፈርኩ።

አዲሶቹ አይነቀሉም። ወስኛለሁ። ነገ አንዱዓለም ጋ ደውዬ መለዋወጫ እንዲልክ... አይ፣ ቡሬ ድረስ ሄጄ በአፌ እነግረዋለሁ። ይሳቅብኝ። ሲስቅ ደግሞ ድዱ ሁሉ ነው የሚታየው፤ ያንን ቁጭ ብሎ ማየት ራሱ በቂ ቅጣቴ ነው።