ሚዜው ቦታውን ሲለቅ

ውድ ወንድሜ፣

ስልክህን ስትዘጋብኝ ወደ ወረቀት ተመለስኩ። መቀመጥ ግን አልቻልኩም፤ አንድ መስመር ጽፌ እነሳለሁ፣ መስኮቱን ከፍቼ እዘጋለሁ፣ ደግሞ ቁጭ እላለሁ።

ሚዜህ የደረሰበትን አልሰማህም መሰለኝ። እማ «የልጄ ደም ካንሰር ከምን መጣ?» እያለች ስትጨቀጭቀኝ፣ ዘረመል ለማለት ጂን ብላት ጋኔን እንዳይመስላት ፈራሁ። «በሕዋስ እምብርት ውስጥ ሌሎቹን የሚያጅብ፣ እንዳይጣበቁ የሚጠብቅ ፕሮቲን አለ። ሚዜ በይው። የሱ ሚዜ ተበላሽቶ ቦታውን ለቀቀ» አልኳት። ከድጡ ወደ ማጡ።

በነጋታው እማ ወደ ሚዜህ የእንጨት ሥራ ቤት ሄዳ ደንበኞቹ ፊት ቆመች። «አንተን አምኜ! ልጄን ምን አድርገህብኝ ነው?»

መጋዙን አጥፍቶ፣ «እማማ፣ ሚዜ ከሆንኩ ስንት ዘመኔ፤ አሁን ምን አጠፋሁ?» አላት።

ከዚያ ቅንድቡ ላይ ሰጋቱራ እንዳለ እኔ የምሠራበት ላቦራቶሪ መጣ። «እኔ ነኝ የተበላሸሁት?» ሲለኝ ሳቅኩ፤ ሳቁ ግን መሀል ላይ ወደ ልቅሶ ተለወጠብኝ።

እውነቱን ነገርኩት። ጂንህ ላይ አራት ፊደል ያለቦታቸው ገብተው አጃቢውን ፕሮቲን ከእምብርቱ እንዳስወጡት፣ ሕክምናው ደግሞ እንደያዘልህ። ግን እነዚያ ፊደላት ደምህ ውስጥ ቀርተው እንደሆነ በየጊዜው መታየት አለበት። ቀድመን ካገኘናቸው መላ አለው፤ ከዘገየን እኔ እንጃ። አንተ ደግሞ ቀጠሮህን ደጋግመህ ቀረህ። ሚስትህ ጋ ስደውል «ድኛለሁ ይላል» ነው መልሷ። በየጠዋቱ የናሙና መደርደሪያው ላይ ስምህን እፈልጋለሁ፤ አጣዋለሁ፤ ቀኑን ሙሉ ሥራ እጄ ላይ አይረጋም።

መርፌውን እንዳልፈራህ አውቃለሁ። የፈራኸው መልሱን ነው። እኔም ፈርቻለሁ፣ ወንድም ዓለም። ግን ከደምህ ወዴት ትሸሻለህ? በሄድክበት አብሮህ ይሄዳል።

ሚዜህ ሁሉንም ሰምቶ ሰጋቱራውን ከቅንድቡ ጠረገ። «ሚዜ ቦታውን ሲለቅ ነው ሙሽራው የሚታመመው፣ አይደል? እንግዲያው የኔ ቦታ የት እንደሆነ አውቃለሁ» ብሎ ሄደና ሥራ ቤቱን ዘጋ።

ይህን ደብዳቤ የሰጠህ እሱ ነው። እማ ይቅርታ ጠይቃው ስንቁን ቋጥራለታለች፤ ለሁለት ሰው ነው የቋጠረችው። አንብበህ እስክትጨርስ ከበርህ አይነቃነቅም፣ ብቻውንም አይመለስም።

ቀና በልና እየው። ከዚያ ጫማህን አድርግ።

መደርደሪያው ሥር ቆማ የምትጠብቅህ
እታለምህ