ካጃልን እባብ አልነደፋትም

ይድረስ ለወንድም ጋሼ ቫግጂ፣ ሙስካት።

ራም ራም፣ ወንድም ጋሼ። እንደምን ከርመሃል? ወገብህስ ተሻለህ? የጭነት መኪናህ ማቀዝቀዣ ተሠራልህ ወይስ ዛሬም ፊትህን በእርጥብ ጨርቅ እያበስክ ነው የምትነዳው? ምግብስ ማን ይሠራልሃል? አምላካችን እናት አምባ ጥላዋን ትጣልብህ፤ የሄድክበት መንገድ ሁሉ በሰላም ይመልስህ። እኛን ካልክ አለን። አማቴ ጉልበቴን እያሉ፣ ባሌ ካርሳን እንደ ልማዱ እያጉረመረመ፣ ልጄ ሄታልም ትምህርቷን እየተማረች፣ ሁላችንም በእግራችን ቆመናል። የእኔን ልብ ግን አትጠይቀኝ።

በዚህ ወረቀት መሃል እህት ለወንድሟ የምታስረውን የበዓሉን ክር ታገኘዋለህ። ዘንድሮም የገመድኩት ራሴ ነኝ። ደብዳቤውን አንብበህ ስትጨርስ እጅህ ላይ ማሰሩን ብትተወው አልቀየምህም።

ላሜ ካጃል በእባብ ተነድፋ ሞተች ብዬ በስልክ ነግሬህ ነበር። ውሸቴን ነው። ስልኩ የካርሳን ነው፤ በተደወለ ቁጥር ቤቱ በሙሉ ጆሮውን ይደቅናል። ለዚህ ነው እውነቱን በወረቀት የምልክልህ።

የዘንድሮውን በጋ ምን ብዬ ልንገርህ! ከመጋቢቱ የሆሊ በዓል ጀምሮ እስከ ሰኔ መግቢያ ሰማዩ ጠብታ አልጣለም። ረፋድ ላይ የሚነሳው ትኩስ ነፋስ ፊት ይለበልባል። የገንዳው ውሃ እጅ አያስነክርም። የአገራችን ላሞች እንደምንም ጥላ ሥር ተጠግተው ያሳልፉታል። ካጃል ግን የፈረንጅ ዘር ናት። ስንገዛት አንተም እኔም ያየነው ወተቷን ነው፤ ይህን ፀሐይ እንዴት ትችለዋለች ብሎ ያሰበላት የለም። ቀኑን ሙሉ ቆማ ታለከልክ ነበር፤ ምላሷ ወጥቶ ለሃጯ ይንጠባጠባል። አትተኛም፣ አታመሰኳም። ጭዱን አሽትታ ትተወዋለች። እርጥብ ጆንያ ጀርባዋ ላይ ጣል ሳደርግላት ፊቴን ሳልመልስ ይደርቃል። ግቷ አንድ ጎኑ አብጦ ሐኪሙ መርፌ ወጋት። ወተቷ በግማሽ ቀነሰ፤ የቀረውም ቀጠነ።

መዘዙ የመጣው ከዚህ መቅጠን ነው። የወተት ማኅበሩን ጸሐፊ ጄታባይን ታውቀዋለህ፤ ያ ሰው አለ የለም ሳይል የሚያወራው። አንድ ቀን ጠዋት ወተቴን በመሣሪያው መረመረና የቅባቱን ቁጥር አይቶ ጣሳዬን መለሰልኝ። ሰልፈኛው ሁሉ እየሰማ፣ «እሜቴ ጃምኩ፣ ዛሬ ያለብሽው ላምሽን ነው ወይስ ቧንቧሽን?» አለኝ።

ሴቶቹ ሳቁ። የተመለሰልኝን ጣሳ አንስቼ ታቀፍኩ። ጎረቤቴ ራሚ ብቻ ከሰልፉ ወጥታ ተከራከረችልኝ። ከጃምኩ ጋር በአንድ ግድግዳ ተለያይተን አሥራ ሁለት ዓመት ኖረናል፣ ስታልብ በዓይኔ አያታለሁ፣ ወተት በውሃ አትከልስም ብላ በልጇ ራስ ማለች። በአንድ ልጇ ነው የማለችልኝ፣ ወንድም ጋሼ።

ከዚያ ወዲያ ጣሳዬን ይዤ ከሰልፉ መጨረሻ መቆም ጀመርኩ። ካጃል ትንሽ እርጥብ ነገር ብታገኝ የምግብ ፍላጎቷ ይከፈትላታል፣ ወተቷም ይወፍራል፣ የጄታባይም አፍ ይዘጋል ብዬ አሰብኩ። በሰኔ መግቢያ አንዲት ካፊያ ጥላ ማሽላችን ጉልበት ያህል በቅሎ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ሃያ ቀን ሙሉ ዝናብ ጠፋና ባለበት ቀረ። አባታችን በውሃ ጥም የቀጨጨ ማሽላ መርዝ ይይዛል፣ አበባ ሳያወጣ ለከብት እንዳታሳዩ እያለ ነው ያሳደገን። ረስቼው ነበር ብልህ እዋሻለሁ። ሄታል እንኳ «እማ፣ ቅጠሉ እኮ ተጠቅልሏል» ስትለኝ ዝም በይ አልኳት። ትንሽ ብትቀምስ ምን ትሆናለች ብዬ አንድ እቅፍ አጭጄ ሰጠኋት። ካጃል ጆሮዋን አቁማ ተንደረደረች። ስንት ሳምንት እንደዚያ ስትበላ አላየኋትም ነበርና ደስ ብሎኝ ሁለተኛ እቅፍ ጨመርኩላት።

እሱን ሳትጨርስ መንቀጥቀጥ ጀመረች። ትንፋሽ አጥሯት አፏን ከፍታ አየችኝ። ካርሳን ወደ ሐኪሙ ደወለ፤ ሐኪሙ ሌላ መንደር ነበርና ሳይደርስላት ወደቀች። በሆዷ የአራት ወር ጥጃ ነበር። የተረፈውን ቅጠል ሰው ሳያይ በእግሬ ወደ ጭዱ ሥር ገፋሁት። ጎረቤት ተሰበሰበ፤ አንዱ የአፏን አረፋ አይቶ እባብ ይሆን እንዴ ሲል አዎ ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። ውሃ ጨማሪ ባሉኝ ሰዎች ፊት ላሟን በእጇ ገደለች ደግሞ ልባል? ሐኪሙን አልቃለች ብለው ከመንገድ መለሱት፤ እሷንም በትራክተር ጎትተው ወሰዷት።

ራሚ ለእኔ ስትል ከራሷ ላም ጥቂት ወተት ይዛ የእባቦች ጌታ ወደሆነው ወደ ጎጋ መቅደስ ሄደች፤ ቤታችንን እንዲምርልን። እኔም አብሬያት ሄጄ ተንበረከክሁ። ጎጋ ያላደረገውን ነገር ማረን እያልን ስንለምነው ኀፍረቱ ሊገድለኝ ነበር።

ትናንት ጠዋት ራሚ ማጭድ ይዛ መጣች። እንግዲህ ያ ማሽላ ለማን ይደርቃል፣ ለእኔዋ ልጨድላት አለችኝ። የእሷም ላም አጥንቷ ብቻ ነው የቀረው። አይሆንም አልኳት። ፊቷ ተለወጠ፤ ያንቺ ስለሞተች የእኔም ትሙት ነው የምትዪው ብላ አልፋኝ ልትሄድ ስትል ማጭዱን ያዝኩባት። እዚያው ማሳው ዳር ቆመን ሁሉንም ነገርኳት፤ ሁለቱን እቅፍ፣ የሸሸግሁትን ቅጠል፣ አዎ ያልኩትን፣ አንድ ሳይቀር።

ራሚ አልጮኸችም። ማጭዷን ከእጄ ተቀብላ ጥቂት እንደሄደች ዞር አለችና፣ «እንግዲያው ውሃውንም ጨምረሽ ነበራ። በልጄ አስማልሽኝ» አለችኝ።

እኔ እዚያው ማሳው ዳር ቀረሁ። ዛሬ በግድግዳው በኩል ሦስቴ ተጣራሁ፣ አልመለሰችልኝም። ላሟ ግን በሕይወት አለች፤ ስትጮህ ይሰማኛል። ሌላ ላም ልግዛልሽ እንዳትለኝ፣ ወንድም ጋሼ፤ ባትገዛልኝ ይሻላል። የማን እጅ ያልባታል፣ ወተቷንስ ማን አምኖ ይቀበለኛል?

አብረውህ ለሚኖሩት ለሁለቱ ሾፌሮች ሰላምታዬን አድርስልኝ። አማቴ መርቀውሃል፣ በላክህላቸው ብርድ ልብስም አመስግነውሃል። ካርሳን እጅ ነስቷል። ሄታል አጎቴ መቼ ነው የሚመጣው እያለች ሰላም ብላሃለች። ራሚ ስጽፍልህ ባየች ቁጥር ሰላም በዪልኝ ትል ነበር፤ የዛሬው ደብዳቤ የእሷ ሰላምታ የለበትም።

ካጃልን የገደልኳት እኔ ነኝ። እባቡንም የዋሸሁት እኔ ነኝ። ውሃ ግን አልጨመርኩም፣ ወንድም ጋሼ። አንተ እንኳ እመነኝ።

እህትህ ጃምኩ

ኪምፓር መንደር፣ ባናስካንታ
ጁላይ 26 ቀን