ሲጋራ ሲጠብቅ

ይታይሽ ሆዴ፣

ካረፍሽ የበቆሎው እሸት አንድ ዙር ዞሮ ደረሰ። እኔ ደኅና ነኝ። ለደብዳቤ ወግ ብዬ አይደለም፤ የምር ደኅና ነኝ። ሲጋራ ተውሁ።

አውቃለሁ፣ አታምኝኝም። ከተማችን ፍኖተ ሰላምም አላመነችኝ። ጎረቤቶቻችን መምጣቴን የሚያውቁት በሳሌ ስለነበር፣ ዛሬ ሳልስል ከኋላቸው ስደርስ ያማትባሉ። የቤተ ክርስቲያኑ ዳገት መሐል ቆሜ፣ አገር የማደንቅ መስዬ መተንፈስም ቀርቶልኛል። ለካ ጨው ያነሰው ወጥሽ ሳይሆን ምላሴ ኖሯል።

አፍንጫዬ ዘግይቶ ተመለሰ። አንድ ማለዳ ሳጥኑን ብከፍተው ጋቢሽ አሪቲ አሪቲ አለኝ። ያን ሁሉ ዘመን አብሬሽ ስኖር ሽታሽን አላውቀውም ነበር! አሁን ዓይኔን ስጨፍን በረንዳው ላይ ተቀምጠሻል፤ ጉሙ ከበቆሎው ላይ ቀስ እያለ ይነሣል፤ የጋቢሽን ጫፍ ገለጥ አድርገሽልኝ "ባል ሲጋራ ያምርበታል" ትይኛለሽ። ያኔ ያሞገስሽኝ መስሎኝ፣ ደስ ብሎኝ ሁለተኛውን ለኮስሁ።

ልጃችን ለሙት ዓመትሽ ከቡሬ መጣችና ጋቢውን አጥባ ለነዳያን ልትሰጠው ተነሣች። ወጉ ነው፤ የሟች ልብስ ለነፍሱ ይሰጣል። እኔ ግን ሽታሽን ገና ማግኘቴ ነበር። ሳጥኑ ላይ ተቀመጥሁበት። "አባዬ፣ እዚያ ውስጥ ሆኖ ማንን ያሞቃል?" አለችኝ።

ያኔ የበረንዳው ቃልሽ ተሰማኝ፤ ጠብቆ። የቅኔ መምህር ልጅ አግብቼ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ለተማሪ ማጥበቅና ማላላት ሳስተምር ኖሬ፣ ያንቺን ቃል አላልቼ ሰምቼው ኖሯል። ሲላላ ጭስ ነው። ሲጠብቅ ግን ባል ከሚስቱ ጋር ጋቢ ሲጋራ፣ ሲካፈል ነው። ጫፉን ገልጠሽልኝ እኔ ክብሪት እፈልግ ነበር።

ተነሥቼ ጋቢውን ሳይታጠብ አስተረተርሁት። ሁለት ኩታ ወጣው። አንዱን ደጀ ሰላም ለሚቀመጡት እማሆይ ሰጠሁ፤ አንዱን እኔ ለብሼዋለሁ። ቅዳሴ ወጥቶ በአጠገባቸው ሳልፍ አሪቲሽ ከወዲያም ከወዲህም ይመጣል፤ መሐሉ ላይ ያለሽ ይመስለኛል፣ እርምጃዬን አሳጥራለሁ።

አሪቲው አንድ ቀን ይለቅ ይሆናል። አንቺን ግን እስክንገናኝ አጥብቄ አስብሻለሁ። ከእንግዲህ ማላላት የለም።

ጋቢ ተጋሪሽ